ይህን አትንካ

ሰኞ ጠዋት ሃያ ሁለቱ የሊፍት ቴክኒሻኖች መለዋወጫ ሊወስዱ እቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሲሰበሰቡ፣ ጠያቂዋን ሰላም ያላት ሰው አልነበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ጠያቂዋ መጣች፣ ምላሳችሁን ሰብስቡ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ጠያቂዋ የሚለውን ስም ያወጡላት እነሱው ናቸው፤ ደግሞም አላበዙባትም። አምስት ወር ሙሉ ደብተሯን ይዛ ሕንፃ ለሕንፃ ስትከተላቸው፣ «ይሄን እንዴት አወቅክ? ማን ነገረህ? አንተስ ለማን ነገርክ?» እያለች ስትጨቀጭቃቸው ከርማለች። የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። የተቀጠረችው፣ ቀኑን ሙሉ በየሕንፃው ተበትነው የሚውሉና በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ብቻ የሚተያዩ እነዚህ ሰዎች አንዱ ያወቀውን ሌላው እንዲያውቅ የሚያደርግ አፕ ሠርታ ስልካቸው ላይ እንድትጭን ነው። ሠራች፣ ጫነች። አሁን ግን ሁሉም ፊት ነሷት፤ እውነታቸውን ነው።

ዓርብ ዕለት፣ ረጅሙ የሚሉት ቴክኒሻን የጥርስ ሐኪም ቤት ወዳለበት ሕንፃ ተጠርቶ ነበር። ሊፍቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል ቆሟል፤ ውስጡ አንድ መንጋጋው ያበጠ ሰውዬ አለ። ረጅሙ እንደታዘዘው ስልኩን አወጣ፣ የሕንፃውን ስም ጻፈ፣ አፑም ሳያንገራግር ሦስት መስመር አወጣለት። «ይህን አትንካ።» «መጀመሪያ ይህን ፍታ።» «ይሄኛው ይዋሻል፣ አትመነው።» ከፊቱ የተከፈተው ሣጥን ውስጥ ከስልሳ የማያንስ ማጥፊያና መሰኪያ ተደርድሯል። የቱ ነው አትንካ የተባለው? የቱ ነው ውሸታሙ? ረጅሙ ስልኩን አገላብጦ አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ ከዚያ እንደ መሰለው አንዱን ፈታ። አትንካ የተባለውን ነበር የነካው። የሆነ ነገር ጢስ አውጥቶ ጠፋና ሊፍቱ ጭርሱን ሞተ። ሰውዬውን በእጅ እየዘወሩ ለማውረድ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ሲራገም ነበር፤ መንጋጋው ስላበጠ ግን ማንን እንደሚረግም በደንብ አልተሰማም።

ማን መረገም እንዳለበት ጠያቂዋ ታውቃለች።

በየሕንፃው ማሽን ክፍል ቴክኒሻኖቹ ቁምሳጥን የሚሉት የብረት ሣጥን አለ። ሊፍቱን የሚያዘው እሱ ነው። ከኩባንያው ወፍራም መመሪያ መጽሐፍ ይልቅ ሥራውን የሚያስኬደው ግን ቁምሳጥኑ ውስጥ በማርከር የተጫጫረው ነገር ነበር። አንዱ ቴክኒሻን ተሠቃይቶ ያገኘውን ነገር፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው በሣጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከችግሩ አጠገብ ጽፎለት ይሄዳል። ጽሑፏ አጭር ናት፣ ቀስት አላት፣ ቀስቷ እዚያው ጉዳዩ ላይ ታርፋለች። አብዛኛው ጽሑፍ ጋሽ ጆሮ የሚባሉት አዛውንት የጻፉት ነው። ጋሽ ጆሮ የተባሉት ደረጃ ላይ ቆመው ድምፅ ብቻ እየሰሙ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ይናገራሉ ስለሚባል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሦስት ሳምንት ነው። ሰዎቹ አንድ ነገር ሲቸግራቸው የሚደውሉት ለእሳቸው ነው፤ አፑ የተፈለገውም እሳቸው ሲሄዱ የሚደወልለት ሰው ስለማይኖር ነው።

ጠያቂዋ ጽሑፎቹን ያየች ዕለት በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት። ይሄ ሁሉ ዕውቀት በየጨለማው ክፍል ተቀብሮ! የደስታዋ ዕድሜ ግን አጭር ነበር። የደኅንነት ተቆጣጣሪው መጣ፣ ሣጥን ውስጥ መጻፍ ክልክል ነው አለ፣ ሁሉም በቲነር ተፈትጎ ይጽዳ ተባለ። ያን ጊዜ ጋሽ ጆሮን ይዛ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየዞረች ፎቶ አነሳች። የመጨረሻውን ሣጥን ሲዘጉ ሽማግሌው «ልጄ፣ እኔ ይሄ ስልክ ምናምን አይገባኝም። ቢጠፋስ?» አሏት። እሷም ደረቷን ነፍታ «ጋሼ፣ አንድም ቃል አይጠፋም። ቃሌን ሰጥቼዎታለሁ» አለች። ሰዎቹ ማርከራቸውን አስቀምጠው ስልኩን ያነሡት በዚህ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታስበው ቆሽቷ ያራል። ማሽን ክፍሎቹ ስልክ ቢያስደውሉም ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍባቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ፎቶው ስልኩን ቀጥ አድርጎ ያስቆመዋል። «ጽሑፉ ብቻ ይግባ፣ ጽሑፍ ቀላል ነው» ያለችው እሷ ናት። የቢሮዋ ጸሐፊ ፎቶውን እያየች ተየበችው። «እንዳይደባለቅብሽ የጨረስሽውን ፎቶ እያጠፋሽ ሂጂ» ያለችውም እሷ ናት፤ ጸሐፊዋ ታዛዥ ናትና አጠፋች። ፎቶው የተነሣበትን ስልክ «ከባዶ ይጀምር» ብላ ሙልጭ አድርጋ ያጸዳችውም ራሷ ናት። ሌላ ሰው ላይ ጣቷን ልትቀስር ብትፈልግ ሰው አጣች። ጸሐፊዋ የሚነበበውን ሁሉ ጽፋለች፤ ቀስት አይነበብም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻ ገባ፤ ከዚህ ውስጥ ዘጠና ሰባቱ «ይህን» ወይም «ይሄኛው» የሚል ነው። እሷ ደግሞ አንዱንም ሣጥኑ ፊት ቆማ አልሞከረችውም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አነበበችው፣ ሲያነቡት ደስ ይል ነበር፣ አለቀ።

ከእቃ ግምጃ ቤቱ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። «ስንት ማስታወሻ ነበር?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ስንቱ ገባ?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ ምን ጠፋ ነው የምትዪኝ?»

«ቀስቶቹ።»

ትንሽ አሰበ። «ቀስት ጨምሪበታ። ስልኩ ላይ የቀስት ምልክት አለ አይደል?»

«ወዴት የሚያሳይ?»

«እኔ እንጃ… ወደ ቀኝ።»

ወደ ቀኝ! አምስት ወር ስለ ሊፍት የተማረችው፣ ሕንፃ ለሕንፃ የወጣችው ደረጃ፣ የለፈለፈችው ሁሉ እዚህ ክፍል ሲደርስ ወደ ቀኝ የሚያሳይ ቀስት ሆነ። ጋሽ ጆሮን ለቀራቸው ሦስት ሳምንት ስጠኝ፣ እየዞርን ቀስቶቹን እንመልስ ብላ ለመነችው። ሥራ ይበደላል አለ። ሁለት ሳምንት ስጠኝ አለች። ስልኩ ጮኸ፣ አነሣ፣ ዘጋ፣ ረሳት፣ እንደገና አስታወሰችው። በመጨረሻ አንድ ቀን ፈቀደ፤ ሪፖርቱ ላይ ግን «ተጠናቋል» የሚለው እንዲቆይ አስጠነቀቃት።

ያን ጠዋት ግምጃ ቤቱ በር ላይ ያልነበሩት ጋሽ ጆሮ ፊት ያልነሷት ብቸኛው ሰው ናቸው። በማግስቱ መኪና ውስጥ ስለ ልጅ ልጃቸው የእግር ኳስ ጫማ አወሩላት። እሷ አትሰማም፤ ዘጠና ሰባት «ይህን» በአንድ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እያሰላች ነበር። ለአንዱ አምስት ደቂቃ። ሽማግሌው ይጠቁማሉ፣ እሷ ፎቶ ታነሣለች፣ በፎቶው ላይ ቀስት ትሥላለች፣ ወደሚቀጥለው። ከፈጠኑ ግማሹን ያዳርሱታል። የቀረውን ከሥራ በኋላ እቤታቸው ሄጄም ቢሆን እጠይቃቸዋለሁ አለች በሆዷ።

የተቃጠለው ዕቃ ተለውጦ ሊፍቱ ከተነሣበት ከጥርስ ሐኪሙ ሕንፃ ጀመሩ። ማሽን ክፍሉ ሙቀትና የግራሶ ሽታ የታፈነበት፣ ለሁለት ሰው የማይበቃ ጠባብ ክፍል ነው። ቁምሳጥኑን ከፈቱት። ውስጡ ተፈትጎ ያበራል፤ የቲነሩ ሽታ እስካሁን አልለቀቀውም። ጠያቂዋ ባትሪውን አበራችላቸውና ከስልኳ አነበበችላቸው። «‹መጀመሪያ ይህን ፍታ› የሚለው የትኛው ነው ጋሼ?»

ጋሽ ጆሮ መነጽራቸውን አደረጉ። እጃቸውን ወደ ላይኛው ረድፍ ሰደዱ፣ አንዱ ማጥፊያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ወደ ቀጣዩ አለፉ፣ ተመለሱ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ። ጠበቀቻቸው። አምስቱ ደቂቃ አለፈ።

«‹ይሄኛው ይዋሻል› የሚለውስ?»

ሽማግሌው ሣጥኑን ብቻ ያያሉ።

ተቀይመውኛል አለች በሆዷ። መኪና ውስጥ እየሳቁ ያወሩት ሁሉ ለይሉኝታ ኖሯል፤ አሁን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አምጥተው ሊቀጧት ነው። እስካሁን ያልተቆጧት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ከሁሉም የእሳቸው ቁጣ ከበዳት፣ ሲከብዳት ደግሞ ተናደደች። «ጋሼ፣ እኔ ላይ መቀየም መብትዎ ነው። ልጆቹን ግን አይቅጧቸው። ነገ ሌላው ደግሞ ሊያቃጥል ነው። ይንገሩኝና ከዚያ እንደፈለጉ ይስደቡኝ።»

«አላስታውሰውም» አሉ።

«እርስዎ? እርስዎማ ሁሉንም…»

«ልጄ፣ ሁለት መቶ ምናምን ሊፍት ነው። ማን ሰው ይሄን ሁሉ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ይዞራል?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ለሌላ ሰው ብቻ የጻፍኩት መሰለሽ? እጽፈዋለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ እረሳዋለሁ። ስመለስ አነበዋለሁ። ልጆቹ ሲደውሉልኝም እዚያው የጻፍኩትን ታያለህ ወይ ነው የምላቸው፤ ያነቡልኛል፣ ከዚያ ትዝ ይለኛል። ጋሽ ጆሮ፣ ጋሽ ጆሮ ይሉኛል። ጆሮዬስ ደኅና ነው። የማወቁን ነገር ግን ግድግዳው ነበር የሚያውቀው።»

አምስት ወር ሙሉ «ይሄን እንዴት አወቁ?» ብላ ስንቴ ጠይቃቸዋለች! ስንቴ ደግሞ «ልምድ ነው» ብለው መልሰውላታል፤ እሷም «ልምድ» ብላ ጽፋ ከሥሩ አሥምራበታለች። ስታነሳው የነበረው ፎቶ የሰውየው ጭንቅላት ነበር፤ ሲጸዳም የጸዳው እሱ ነው። የሦስት ሳምንት ዕድሜ የቀረውን ክብራቸውንም አብራ ፈትጋዋለች። ዕንባዋ መጣ፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ፊቷን የምታዞርበት ቦታ እንኳ አልነበረም።

«በሚቀጥለው ሰኞ ለሁሉም እናገራለሁ» አለች። «ቆሜ እናገራለሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ያንቺን ተናገሪ።» ሽማግሌው ከቦርሳቸው ጠመንጃ መፍቻ አወጡ። «የኔን ግን ለልጆቹ አትንገሪያቸው።»

ሥራዋ ሰዎቹ የሚያውቁትን እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀችላቸው፤ አትናገርም።

ጋሽ ጆሮ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ከመጀመሪያው ማጥፊያ ጀመሩ። አንዱን ይፈታሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ ያስጠጋሉ፣ መልሰው ያስራሉ፣ ወደ ሁለተኛው ያልፋሉ። በዚህ አካሄድ ይሄ አንድ ሣጥን ብቻውን ቀኑን ይጨርሰዋል። እሷም ስሌቷን ትታ ባትሪውን ያዘች።

ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። እጃቸው ሣጥኑ ውስጥ ስለሆነ አንሺው አሏት። ረጅሙ ነበር፤ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ የቆመ ሊፍት።

«ጋሼ፣ እዚህም ‹ይህን አትንካ› ይላል፤ የትኛውን ነው ያሉት?»

«እኔ ነኝ» አለችው።

ረጅሙ ቆጣ አለ። «ስጪያቸው።»

ወደ ሽማግሌው አየች። ሰምተዋል። ጠመንጃ መፍቻው ቆሟል፤ ቀና ብለው ግን አላዩአትም።

«አልሰጥህም» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እሳቸውን አትጠይቋቸው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ጠይቁ። ምንም ሳትነካ ቆየኝ፣ እዚህ ስጨርስ እመጣለሁ።»

«አንቺ መጥተሽ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም አላውቅም።»

ረጅሙ እንደ መሳቅ ሲል ተሰማት፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ጆሮ ጀርባቸውን እንደሰጧት «ባትሪውን ከፍ አድርጊው፣ አይታየኝም» አሉ፤ ከፍ አደረገችው፣ ስምንተኛውን መፍታት ጀመሩ።