የሊቤ ሎሚ

ጓደኛዬ ሊቤ መኪና አይስማማትም። ከሰበታ ዓለም ገና እንኳ ያለ ሎሚ አትደርስም፣ ታስመልሳለች። ሁልጊዜ ስለምትጥለው በጉዟችን ቀን ጠዋት ሎሚውን እኔ ኪሴ ከተትኩት። ሞያሌ ድረስ በአንድ ሎሚ ልትሄጂ ነው እያልኩ አሾፍኩባት።

ደላላው ዱባለ ነገሩን አቅልሎ ነው የነገረን፦ ናይሮቢ፣ ከዚያ ዱባይ፣ ከዚያ ሥራ። ሸኚ ካየሁ ጥያችሁ እሄዳለሁ ብሏል። ሊቤን "ነይ ባክሽ፣ ፈሪ" ብዬ ያስነሳኋት እኔ፣ አሁን እንዴት ብዬ ልፍራ?

የነገርኩት ለእማዬ ብቻ ነው። ለማንም ትንፍሽ አልልም ብላ ምላ ነበር። ለሰፈራችን ሽማግሌ ለኦቦ ዲሪርሳ ግን ነገረቻቸው፣ ያውም ለምርቃት ብቻ። እኛ ሰፈር ሳይመረቅ ሩቅ የሄደ ልጅ አይመለስም ይባላል። ኦቦ ዲሪርሳ ደግሞ ብቻቸውን መርቀው አያውቁም።

ዱባለ ነጭ ሚኒባሱን ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ዳር አቁሞ ጠበቀን። ሊቤ ለመስኮቱ ስትል ቀድማኝ ገባች። እኔ አንድ እግሬን እንዳነሳሁ ኦቦ ዲሪርሳ እርጥብ ሳር ይዘው ብቅ አሉ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ እማዬ የወተት ጮጮ ታቅፋ።

ዱባለ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ነዳው። ወደቅኩ። የሊቤ ፊት በመስኮቱ ሲያልፍ አየሁት፣ አፏን ከፍታ ነበር።

ኦቦ ዲሪርሳ የሆነው ነገር አልገባቸውም። ሳሩን ወተቱ ውስጥ ነክረው ግንባሬን እየነኩ "ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ" አሉኝ። ወተቱ በአፍንጫዬ ወረደ።

"ኦቦ፣ ሊቤ ውስጥ ናት" አልኳቸው።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሞያሌን፣ ድንበሩን በእግር እንደምንሻገር። እማዬ በእግር መሆኑን አታውቅም ነበር። መሬት ላይ ዘጭ አለች።

ስደውል ሊቤ አነሳች። "በሩን ዘግቶ ቆልፎታል" አለች በሹክሹክታ። "ስልክሽን አምጪ እያለኝ ነው።"

ምላሴ ለመሳደብ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም። እጄን ኪሴ ብከት ሎሚው።

"ሊቤ፣ ሎሚው እኔ ጋ ነው። በቃ ትውከቱን አትያዢው፣ መቀመጫው ላይ ልቀቂው። ሲያቆም ሩጪ።"

ተቋረጠ። ደግሜ ስሞክር ስልኳ ተዘግቷል።

ሽማግሌዎቹን ፖሊስ ጋ ልከን፣ እኔ፣ እማዬና ኦቦ ዲሪርሳ ባጃጅ ውስጥ ተጠቀጠቅን። እሳቸው ሳሩን አልጣሉትም። እማዬ በግራ፣ እኔ በቀኝ እናያለን። መንገድ ዳር የቆመች ሴት ሁሉ ሊቤን ትመስለኛለች፣ ስንደርስ አይደለችም። ባታስመልስስ? የዛሬን ሆዷ ቢጠናስ? ለሰው ትውከት ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከአንድ መታጠፊያ አለፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። አንድ ጫማዋ የለም፣ የቀሚሷን ነገር አታንሱት። እየሮጥኩ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። እጇን ዘረጋችልኝ።

"ሎሚዬን።"

ሰጠኋት። መንገዱን ሁሉ ጨምቄው ልጣጭ ብቻ ቀርቶ ነበር።

"አንቺ ሌባ" አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ዱባለ ቤታችንን ያውቃል። ሊቤ ባጃጅ አልገባም ስላለች በእግራችን ወደ ኋላ ስንመለስ፣ ነጭ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም ኦቦ ዲሪርሳ ጋቢ ውስጥ እንደበቅ ነበር።