ዘጠነኛዋ ማሽን

ዘጠነኛዋ ሰርቨር ስትጠፋ ነጅማ ፊቷን ወደ ስክሪኗ አዞረች። ጋሽ ባፈና በዚያች ቅጽበት እጃቸውን ወደ ማሽኗ ጀርባ ሰደዱና ጥፍር የምታህለውን፣ ፍላሽ የምትመስለውን የፈቃድ ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። እሷ ካልተሰካች የመጋዘኑ ፕሮግራም አይከፈትም። ይህን የሚያውቁት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰንጋ ተራ ባለው የመድኃኒት አከፋፋይ ምድር ቤት እነዚህን ማሽኖች አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቀዋል። ነጅማንም ሥራ ያስለመዷት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጠዋት እሷ በተራዋ አስረድታቸዋለች፦ ዘጠኙም በአንዱ አዲስ ሰርቨር ውስጥ፣ ለየብቻቸው እንዳሉ ሆነው ይሠራሉ፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ፤ የሚነሡትም የሚጠፉትም ከስክሪን ላይ ነው። ጋሽ ባፈና ነገሩ በደንብ ገብቷቸዋል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ሊያባርሯቸው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቶኩማም አልሸሸገም። «እስከ አሥር ሰዓት ዘጠኙም ከገቡ አንድ ሰው ይበቃናል። ካልገቡ፣ ነጅማ፣ አንቺ ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ» ብሎ ነበር።

ስምንቱ ያለ ችግር ገቡ። ዘጠነኛዋም ተነሣች፤ ፕሮግራሟ ግን አልከፈት አለ። ነጅማ አጠፋች፣ አስነሣች፣ እንደገና ገለበጠች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ኪቦርዱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋሽ ባፈና ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። እያየሁ አልጨክንም አሉ በሆዳቸው፣ በራሳቸውም ተናደዱ።

ቁልፏን አዲሱ ሰርቨር ላይ ሰኩላት። «ቁልፏን ለዘጠነኛዋ ፍቀጂላት» አሏት። ነጅማ ከስክሪኗ ፈቀደች፤ ፕሮግራሙ ተከፈተ።

«የት ነበረች?»

«እኔ ጋ» አሉ፣ መዋሸት አልቻሉም።

ነጅማ ትከሻቸውን ሳመቻቸው።

ቶኩማ አሥር ሰዓት ሲሞላ ገባ። ስክሪኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን ያህል ምን አስቆያችሁ?»

ጋሽ ባፈና በማሽኗ እርጅና ሊያመካኙ አፋቸውን ሲከፍቱ ነጅማ ቀደመቻቸው።

«ጋሽ ባፈና ቁልፉን ኪሳቸው ደብቀውት ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ሐሰት ነው እንዳይሉ እውነት ነው። ራሴ ሰጠኋት እንዳይሉ፣ ማን ይሰማቸዋል?

«ሌላስ ምን ይዘዋል?» አለ ቶኩማ። ጥበቃ ሊጠራ ስልኩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ነጅማ፣ አንቺው ፈትሺያቸው።»

ነጅማ ከወንበሯ ተነሥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»