ሮሐ የሄደችበት

«ሣህሊቱ፣ ልጅቷ የት ገባች?» አሉ እትዬ ዓለምፀሐይ፣ የምሳውን ሳህን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ።

ሣህሊቱ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበችው። «ፋርማሲ ልኬያት ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

ባሏን ሀይለገብርኤልን የቀበሩት ትናንት ነው። ሚድ ሲቲ ሰፈር ያለችው ጠባብ አፓርትመንት በለቀስተኛ ተሞልታለች፤ አንድ ልጁ ሮሐ ግን የለችም። ፓሳዴና ከተማ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የሶሻል ወርከር ላይሰንስ፣ የሥራ ፈቃድ፣ ፈተና እየወሰደች ነው። አራተኛዋ ነው። ዛሬ ካልተፈተነች መሥሪያ ቤቷ ከዚህ በላይ አይጠብቃትም።

ይህን ለመናገር ሣህሊቱ አፍ አልነበራትም። ሮሐ ሦስተኛውን በወደቀች ሰሞን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ «አለፈች» ብላ ድፎ ጋግራ አብልታለች።

ሀይለገብርኤል ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ነው ያስተማራት። እሑድ እሑድ መኪናውን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጎ ጥያቄ ያስነብባት ነበር።

«ሴትየዋ ባሏ ሞቶባታል፣ ቤቷ በዘመድ ተሞልቷል። ሶሻል ወርከሯ መጀመሪያ ምን ታድርግ?» ብላ አነበበችለት አንድ እሑድ።

«አብራቸው ምሳ ትብላ! ይሄ ምን ጥያቄ አለው?»

«ስህተት ነው ዳዲ» ብላ ሳቀች ሮሐ። «መልሱ ለብቻዋ ታናግራት ነው።»

«ለብቻዋ? ይሄን የጻፈው ሰውዬ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም!»

ከኋላ የተቀመጠችው ሣህሊቱ አልሳቀችም። ፊደል የቆጠረችው በስተርጅና፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ፊደል ለማንም አያዳላም ብላ ታምን ነበር። «ሌላው ሰው ያልፍ የለ እንዴ? አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

«ማሚ፣ ከነጮቹ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ያልፋሉ። ከጥቁሮቹ ግማሹ እንኳን አያልፍም። ቁጥሩን ያወጡት ራሳቸው ፈታኞቹ ናቸው።»

«እኛ ምን አገባን? እኛ ሐበሾች ነን።»

ሀይለገብርኤል በመስታወቱ አያት። «ሣህሉ፣ ፖሊስ ሲያስቆመኝ ሐበሻ ነህ ወይ ብሎኝ አያውቅም።»

አሁን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከበሩ ጥግ ሹክሹክታ ይሰማል።

«ሥራ ገብታ ነዋ! የዚህ አገር ልጆች ኦፍ ካልተሰጣቸው አባትም አይቀብሩም።»

«የአባቷ አፈር ሳይደርቅ? ስንት የሳሳላት ሰውዬ!»

ዝም በይ፣ አለች ሣህሊቱ ለራሷ። ነገ ይረሱታል።

«ጨካኝ ናት» አለች አንዷ።

«ፈተና ላይ ናት!» ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «የላይሰንሱ። ሦስት ጊዜ ወድቃለች። አለፈች ብዬ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።»



«ሦስት ጊዜ?» አሉ እትዬ ዓለምፀሐይ። ሣህሊቱ ልጇን ትጠይቅበት የነበረው ድምፅ ራሱ ነው።

የባሏ የሥራ ባልደረባ ጋሽ አሰፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሀይሌ ነግሮን ነበር። ኤርፖርት ያለን ሁላችንም እናውቃለን። ‹ልጄ እየታገለችው ነው› እያለ ይኮራባት ነበር።»

«ድፎውን ሲበሉ... ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ምን ላድርግ፣ እንዳላሳፍርሽ ብዬ በላሁ።»

ሣህሊቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሀይለገብርኤል ያን ቀን ከድፎው እንዳልቀመሰ ያስተዋለችው አሁን ነው። ጾም ይዞ መስሏት ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሮሐ ገባች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ጫማዋን ልታወልቅ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች፣ ክሩ ግን አልፈታ አላት። 

ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነስቶ ሰው አይቀበልም። ሣህሊቱ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች፤ በተቀመጡት መካከል አልፋ ልጇ እግር ሥር ተንበረከከች።

ሮሐ ደንግጣ ጎንበስ አለችና በጆሮዋ «ማሚ፣ ወደቅኩ» አለቻት። «ለሰው ምን እንበል?»

ሣህሊቱ የአንዱን ጫማ ክር ፈትታ ወደ ሌላኛው ዞረች።