ጀልባ ላይ ብድግ ማለት

ባለቤቴ መርጋ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኛው ከቀጀላ ጋር ሆኖ ያረጀች ባለ ሸራ ጀልባ ገዛ። እዚህ አሜሪካ፣ ሌክ ፔፒን የሚባል ሐይቅ ላይ፣ ከዳር ራቅ ብላ ታስራለች። እሷ ጋ ለመድረስ ትንሽ ጀልባ ከነሞተሯ ታስፈልጋለች። ከኤርፖርት የሌሊት ጽዳት ሥራዬ ወጥቼ፣ ሳልተኛ፣ አብሬ ልመርጥ ሄድኩ። ዋና አልችልም፤ ልጃችን ኢቢሴ ደግሞ አባቷ በሄደበት ካልሄድኩ ትላለች።

ሻጩ በአየር የምትነፋ የጎማ ጀልባና አንዲት ደረቅ የፋይበርግላስ ጀልባ አሳየን።

«ጎማ ይተነፍሳል፤ ደረቋ ትሻላለች» አልኩ።

«ማሚ፣ ሰውዬው ደረቋ ቶሎ ትገለበጣለች እያለ ነው» አለች ኢቢሴ።

«ሻጭ ምን የማይለው አለ?»

መርጋ ትልቁን ሞተር ከጅሎ ነበር። ክብደቱ ኋላዋን ያሰምጣታል ስለተባለ ትንሹን ያዘ። ጀልባዋ ግን እኔ ያልኳት ሆነች።

በሳምንቱ መርጋ፣ ቀጀላና ኢቢሴ ሦስቱም ገብተው ተቀመጡ። እኔ ዳር ቆሜ የኢቢሴን ላይፍ ጃኬት በዓይኔ እፈትሻለሁ። መርጋ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ኃይሉ ውሃው ላይ በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ መጡ። አብረው ሊሄዱ ነበር።

«ኖር!» ብለው ሦስቱም በአንዴ ብድግ አሉ።

ጀልባዋ በጎኗ አዘመመች። ኢቢሴ ውሃው ውስጥ ወደቀች። ጃኬቱ አንሳፈፋት፤ ቀጀላ በማሰሪያው ጎትቶ አወጣት። እኔ ጮኼ ነበር መሰለኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድምፄን ሳላሰማ መጣሁ» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«ቢያሰሙማ ቀደም ብለን ነበር የምንገለበጠው» አለ ቀጀላ።

ኢቢሴ እየተንቀጠቀጠች አየችኝ። «ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነሺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ እንዳትሄድ ብከለክላት አባቷን ተከትላ ማልቀሷ አይቀርም። ብፈቅድላት ደግሞ እኔ ቤት ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደረቋን በጎማዋ ለወጥንና በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔም ገባሁ። ኢቢሴን መሀል፣ ዝቅ አድርጌ፣ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

ጋሽ ኃይሉ ሲመጡ ሁሉም እኔን አዩኝ። እግሬ ሊነሳ ፈለገ፤ ያዝኩት።

«ይቅርታ ጋሽዬ፣ ዛሬ የሚነሳልዎት የለም» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

«ተባረኪ» አሉና የመርጋን ትከሻ ተደግፈው ቀስ ብለው ገቡ።

ያኔ ሞተሩ ተነሳ። እንቅልፌ እየመጣ ነበር፤ የኢቢሴን ጃኬት ማሰሪያ ግን አልለቀቅኩም።