የፕላስተሩ ውፍረት

ቀለሁን ያገኘሁት ጋራዡን ስጠርግ ነው። ከሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር ከብረት ፍቅፋቂ ጋር ተደባልቆ ነበር። የእህቴ የቲያ ነው። ባለፈው ወር የጠመንጃዋን መነጽር ስናስተካክል ደጋግማ ከተኮሰችባቸው አንዱ ሲሆን፣ ከከረጢቷ አምልጦ መሆን አለበት፤ ቲያ ቀለህ አትጥልም። ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ እየጨመረች መልሳ ትሞላዋለች።

እንደ ልማዴ ጫፉ የታጠፈውን ቀጭን ሽቦ ከመሳቢያ አወጣሁ። በእኛ አካባቢ ጥይቱን ራሱ የሚሞላ ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ሽቦ አለው፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂቱ ነው። ሽቦውን በቀለሁ አፍ አስገብቶ ውስጡን ከታች ወደ ላይ መጫር ነው። ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ደህና። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ግን ናሱ እዚያ ላይ ተስቦ ሳስቷል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ሊበጠስ ይችላል።

ሽቦው ተያዘ።

አወጣሁት፤ ጫፉን ጠረግኩት፤ ቀለሁን አዙሬ ደግሜ ሞከርኩ። በዚያም በኩል ተያዘ። ዙሪያውን ሁሉ ተያዘ።

ዕድሜዬን ሙሉ የከተማውን ውሃ በጠርሙስ እየቀዳሁ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። መጥፎ ውጤት ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው መለኪያውን ነው። ስለዚህ ወደ መሳቢያው ተመለስኩና የብረት መለኪያውን አነሳሁ።

ጠመንጃው የአባታችን ነበር። አፈሙዙ በዕድሜ ብዛት ውስጡ ተበልቶ ጥይት እንደ ልቡ መላክ ካቆመ ቆይቷል። አንዳንዱ ጡረተኛ በረዶ በስቶ ዓሣ ያጠምዳል፤ እኔ ጋራዤ ውስጥ አፈሙዝ እቀይራለሁ። አሮጌውን በሞርሳ አስሬ ፈታሁት፤ አዲሱን አስገባሁ። አዲሱ አፈሙዝ በትልቅ ዳዶ የሚታሰር ነው። ጠቅላላ ጥበቡ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በመቀርቀሪያውና በጥይቱ መቀመጫ መካከል የሚቀረው ክፍተት ላይ። ከጠበበ ጥይት አይገባም። ከሰፋ ቀለሁ በተተኮሰ ቁጥር ይሳባል፤ እየተሞላ በተደጋገመ ቁጥር እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ይበጠሳል፤ የባሩዱም እሳት ወደ ኋላ ይመለሳል። ክፍተቱ የሚለካው ጥይት በሚመስል ብረት ነው። በብረቱ ላይ መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት። ትንሽ ረዘም ባለው በሌላኛው ብረት ላይ ደግሞ መዘጋት የለበትም። ሁለተኛውን ብረት መግዛት የሚሰስት እንደ እኔ ያለ ሰው፣ በመጀመሪያው ብረት ቂጥ ላይ ፕላስተር ይለጥፍና ያንኑ እንደ ሁለተኛ ይጠቀምበታል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው።

መለኪያውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ቂጡ ላይ ፕላስተር አለ። በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ ሌላ ፕላስተር ነበር፤ ብርሃን አሳላፊ፣ ቀለሙ ከብረቱ የማይለይ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቁልጭ አለልኝ። መጀመሪያ በትክክል ለክቼ ነበር። ዳዶውን ሳጠብቅ አፈሙዙ አብሮ ትንሽ ዞረ። አላልቼ እንደገና ስለካ የያዝኩት መለኪያ ፕላስተሩ ያልተነሳለት ነበር፤ ክፍተቱም በዚያው ውፍረት ሰፋ። ለማረጋገጥ ሌላ ፕላስተር በላዩ ለጠፍኩ፤ መቀርቀሪያው አልዘጋም አለ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ እጄን ታጠብኩ።

ባለቤቴ ማርሊስ በበሩ ብቅ አለች። "ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ለቲያ ደውዪላት።"

"ለአደን ተራራ ወጥታ የለ፤ ማን ያነሳል? ለኤልኮቹ ልደውልላቸው?" ብላ ስትስቅ እጄ ላይ ያለውን መለኪያና በጥፍሬ ላይ የተጣበቀውን ፕላስተር አየች። ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት ኖራለች። ሳቋን አቆመችና የመኪናውን ቁልፍ ልታመጣ ሄደች።

የቲያ ቀኝ ዓይን ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት ጠፍቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ጠመንጃውን ይሰቅል ነበር፤ እሷ ግን በግራ ትከሻዋ መተኮስ ተማረች። ጠመንጃው ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ ቀለህ የሚወጣበት ክፍት በቀኝ በኩል ነው። በግራ ትከሻ ለሚተኩስ ሰው ያ ክፍት ልክ ፊቱ አጠገብ ይሆናል። ቀለሁ ከተበጠሰ እሳቱ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ወደ ቀረላት ዓይኗ። ያም ዓይን ደመና እየጣለበት እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯታል። በዚያ ሸለቆ ወንድ ኤልክን፣ ያን ባለ ትልቅ ቀንድ አጋዘን፣ ለማደን ፈቃድ የሚሰጠው በዕጣ ነው፤ ቲያ ስሟ እስኪወጣ ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸብቷል። ሌላ ዕጣ የምትጠብቅበት ዓይን የላትም።

ኮረኮንቹን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። መኪና የሚቆምበት ሜዳ ስደርስ ጋርላንድ የአዳኞችን ጓዝ የሚያመላልሱ በቅሎዎቹን ገብስ እያበላ ነበር።

"ኦሪን! ያለ ጠመንጃ አደን? ኤልኮቹን በምክር ልታንበረክካቸው ነው?"

"ቲያ የት ነች?"

"ወደ ተቃጠለው ጫካ ወጥታለች። ትናንት ሲመሽ ትልቅ ወንድ አይታ፣ ዛሬ ጉበቱን በሽንኩርት አበላሃለሁ ብላኛለች።"

"ተኩስ ሰምተሃል?"

"ጠዋት አንድ። ከወንዙ ማዶ ነው። ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል?"

"እኔ በቅሎ ነው የምጭነው ወዳጄ፤ ጥይት አልቆጥርም።"

"በቅሎ ስጠኝ።"

"አንተን እንድትሸከም? በቅሎዋ ምን በደለችኝ?" ካለ በኋላ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞም አያሳልፍህም። የወደቀው ግንድ መንገዱን ዘግቶታል። በእግርህ ነው የምትሄደው። ቀስ በል፣ ልብህ ብረት አይደለም።"

ቀስ አላልኩም። አዳኞች እንዲታዩ የሚለብሱትን ብርቱካናማ ሰደርያ አጥልቄ፣ ፔርሙሴን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ሽቅብ ወጣሁ። ስወጣ አእምሮዬ ሳልጠይቀው ያሰላል። ሁሉም ቀለህ አንድ ዓይነት አይሳሳም። የጀርባ ቦርሳዋ ውስጥ አዲስ ጥይት ሊኖር ይችላል፤ የለም፣ ቲያ አዲስ ጥይት አትገዛም። የሳሳ ቀለህ ብዙ ጊዜ አንድ ተኩስ ይችላል። ቢበጠስም እንኳ እሳቱ ሁሉ ላይወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ፣ ላይወጣ፣ ይችላል። ውሃውን ስመረምር እንዲህ ያለ ቃል ለጻፈልኝ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ ወረቀቱን መልሼለታለሁ።

ግማሽ ስደርስ አንድ ተኩስ ተሰማ።

ቆምኩ። ከየት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ድምፁ በሸለቆው ውስጥ ተንከባለለና ጠፋ። ሁለተኛ ተኩስ ጠበቅኩ። ሁለተኛ ከመጣ ጠመንጃው ደህና ነው፣ ወይም የሌላ ሰው ነው። አልመጣም። አንድ ተኩስና ዝምታ፣ ኤልኩ ወደቀ ማለት ነው። ወይም እህቴ። መሮጥ ጀመርኩ፤ የእኔ ሩጫ ከሌላው ሰው እርምጃ ባይበልጥም።

ከግንዶቹ ማዶ ብርቱካናማ ቀለም አየሁ። ወድቃለች አልኩ። ከዚያ ግንድ ላይ የተደገፈውን ጠመንጃ፣ የተጣጠፈውን ጉልበቷን አየሁ። አልወደቀችም፤ ተኝታ እያነጣጠረች ነው። ሌላ ሰው ነበር የተኮሰው። ምናልባትም እሱ ነው ኤልኩን ወደ እሷ የነዳላት፤ ምክንያቱም ከፊት ለፊቷ ባለው ሜዳ ላይ፣ በጎኑ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚያዳምጥ ወንድ ኤልክ ነበር። የቀንዱን ቅርንጫፎች ከነበርኩበት መቁጠር ይቻል ነበር። ሰው በሕይወቱ አንዴ የሚያየው ዓይነት ነው።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ትንፋሽ የለኝም።

ቀለሁ ሳይበጠስ ሊይዝ ይችላል ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። አንድ ተኩስ ብቻ። ይዞ ቢሆን ማንም ምንም ሳያውቅ ጠመንጃውን ወደ ቤት ወስጄ አስተካክለው ነበር። ጉንጯን ወደ ሰደፉ ስታስጠጋ፣ ያችን ዓይኗን ወደ ክፍቱ ስታስጠጋ አየሁ። ፔርሙሴን ከትከሻዬ አውልቄ ድንጋዩ ላይ ደበደብኩት። ደግሜ ደበደብኩት።

ሜዳው ባዶ ሆነ።

ቲያ ወዲያው አልዞረችም። ኤልኩ የነበረበትን ቦታ ስታይ ቆየች። ከዚያ፣

"ድብ መስሎኝ ነበር" አለች። "ድብ ቢሆን ይሻል ነበር።"

"መቀርቀሪያውን..." ትንፋሼን ሰበሰብኩ። "መቀርቀሪያውን ክፈቺ።"

"አታናግረኝ ኦሪን።"

"ክፈቺና ጥይቱን አውጪ። ከዚያ እንደ ፈለግሽ ስደቢኝ።"

ከፈተች። ጥይቱ ሣሩ ላይ ወደቀ። ግንዱ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፕላስተሩን፣ ድርቡን፣ ማፏጨቴን ሳይቀር።

"ስንት ጊዜ ተኩሼበታለሁ እኮ!"

"ለዚያ ነዋ።"

ቀለሁንና ሽቦውን ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና ሽቦውን ወደ ውስጥ ሰደደች። እጇ ሲቆም አየሁ። ቀለሁን አዞረችው። እንደገና ቆመ።

"ጭረት ነገር ናት" አለች።

"ናት።"

"ሊይዝ ይችል ነበር።"

"ይችል ነበር። ከመበጠሱ የመያዙ ዕድል ይበልጣል።"

"አንተ ብትሆን ትተኩስ ነበር?"

ባዶውን ሜዳ አየሁ። ለእህቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ የምትጠይቀኝም ለዚያ ነው።

"እተኩስ ነበር።"

"እኔ ግን እንዳልተኩስ ወሰንክልኝ።"

"አንቺ ያለሽ አንድ ዓይን ነው።"

"የማን ዓይን ነው?"

እሷ የቀሩትን ጥይቶች ከጠመንጃው ሆድ እያወጣች አንድ በአንድ ኪሷ ውስጥ ጣለች።

"ለማስተካከል ምን ያህል ይፈጃል?"

"ነገ ከምሳ በፊት ያልቃል። እነዚህን ቀለሆች ግን ሁሉንም መጣል ነው። አዲስ ትገዣለሽ።"

"ትገዛለህ።"

"እገዛለሁ።"

"የአደኑ ወቅት እሑድ ይዘጋል።" ተነስታ አፈሩን ከጉልበቷ አራገፈች። "መለኪያውን የማስገባው እኔ ነኝ። ፕላስተሩንም የምልጠው እኔ ነኝ። ዳዶውንም እኔ ነኝ የማጠብቀው። አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እጅህን ጭንህ ሥር ታደርጋለህ።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ። ኤልክ ነው ያባረርክብኝ።"

ጠመንጃውን አንግታ ሳትጠብቀኝ ቁልቁለቱን ጀመረች። የወደቁት ግንዶች ጋ ስንደርስ እንደ ወትሮው በማታይበት በኩል፣ በቀኟ፣ ሄድኩ። ዞር በል አላለችኝም፤ ክንዴንም አልያዘችም።