ጉልበት የደረሰ ሣር

ፍየሎቼ በማግስቱ የቀበሌውን ጎመን ከነኩ ይወረሳሉ ተብሎ ነበር። የልጄ የጀሊላ ጡት ደርቆ ሕፃኗ የምታድገው በእነሱ ወተት ነበር፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አላህ ይወቀው።

ጣና ሲሸሽ ዳር ዳሩን የሚበቅለውን ሣር የሰፈሩ ከብት ሁሉ ገና ብቅ ሲል ይላጨዋል። በጎች እዚያ አፋቸውን መሬት ላይ ተክለው ይውላሉ። ፍየሎቼ ግን ነጨት አድርገው ሄድ፣ ነጨት አድርገው ሄድ እያሉ መጨረሻቸው አጥር የሌለው ጎመን ውስጥ ነው። ሊቀ መንበራችን ጓድ አምሐ ሌባ ይላቸዋል። እኔ እንደሆነ ሳያቸው ከርሜ ነገሩ ገብቶኛል፤ ፍየል አንገቷን ደፍታ መብላት አይሆንላትም። ከፍ ያለ ሣር ካገኘች ጫፍ ጫፉን እየቀነጠሰች ባለችበት ትቆማለች።

"ከአትክልቱ ጎን ያለችውን ሣር ለጥቂት ሳምንት ያስከልክሉልኝ፣ ጉልበት ይድረስ" ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ግን በሰው ፊት ሊያሳፍረኝ ስለፈለገ ፈቀደ፤ ሣሩ ደርሶ ሲለቀቁ ጎመኑን ከነኩ ግን እወርሳቸዋለሁ አለ።

ሣሩ ደረሰ፣ ሰፈሩም ሊያይ ወጣ። ጓድ አምሐ የራሱን በጎች አስነድቶ መጣና "እነዚህ ለፍየሎችሽ ሥርዓት ያስተምሩልሻል" አለኝ።

ፍየሎቼን ለቀቅኳቸው። መሪዋ ሣሩ ውስጥ ገባች፣ ቀና እንዳለች ጫፉን ቀነጠሰች፣ ደገመች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ አንዷም ወደ ጎመኑ ዞር አላለችም። ቆመው ይበላሉ። ደስታው አላስችል ብሎኝ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ፣ ጎረቤቴ እናትዓለም እልልታዋን ለቀቀችው።

በጎቹ ግን ረጅሙን ሣር አሸተው ናቁት። አጭር ነገር ፍለጋ አፍንጫቸውን መሬት ለመሬት እየነዱ ሄደው ሄደው አዲስ የተተከለው የጎመን ችግኝ ላይ ደረሱ። ያ ደግሞ ልክ በአፋቸው ቁመት ነው። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሊቀ መንበሩን አየ።

"ጓድ አምሐ፣ እኔስ ፍየል ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እንግዲህ በጎቹንም ይወርሷቸዋል?" አልሁት።

ላብ ላብ አለው። "ሣሩ ለፍየሎችሽ ይከለል" አለ በቀስታ።

"መውረሱስ?"

"ቀርቷል።"

ጀሊላ ሕፃኗን ታቅፋ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማለች።

"ከፍ አድርገው ይናገሩት" አልሁ፣ "ልጄ አልሰማችም።"

ከፍ አድርጎ ተናገረው።