የአስተዳዳሪው ላም

"ግራህን ነው እንጂ ቀኝህን አይደለም። ስንት ጊዜ ልንገርህ?" አለች ነርሷ፣ ንዴቷ ለአሥራ አራቱም አልጋዎች እንዳይሰማ ድምፅዋን አፍና።

ወታደሩ በክራንቹ ተደግፎ እግሮቹን አያቸው። የተመታው ግራው ነበር፤ ጥይቱ ከወጣለት ሁለት ወር አልፎት ድኗል፣ ችግሩም መዳኑ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንከስ ስታስተምረው ከርማለች። ማረስ፣ ማጨድና መተኮስ የሚችል ሰው ማንከስ አቃተው። "በሬ እንኳ ከአንተ የተሻለ ያነክሳል" ስትለው ከልቡ ያስብበትና "በሬ እኮ አያስመስልም፣ ሲስተር" ይላታል።

ነርሷ ከተማ ተወልዳ ያደገች የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ይህን ገበሬ መጀመሪያ የናቀችው በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ ጀርም እንዲሞት የተቀቀለ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ሳህን አንስቶ እግሩን ሲታጠብበት ያገኘችው ጊዜ ነው። ከሳምንት በኋላ ግን የጎረቤቱ ቁስል መመርቀዙን ከሐኪሙ ቀድሞ በጠረኑ ለየ። የጊደርም ቁስል እንዲሁ ነው የሚሸተው አላት። ከዚያ ወዲህ ዙሯን የምትጨርሰው እሱ አልጋ ጋ ሆነ። ንቀቱ አልለቀቃትም፤ ፍቅሩ ከላዩ ተደረበበት እንጂ።

ዛሬ ቦርዱ ይመጣል። ቦርድ ማለት የሕመምተኛ ገላ ከነካ ዓመታት ያለፉት አንድ ኮሎኔል ሐኪምና የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ናቸው። ከዚህ ዎርድ አምስት ሰው ወደ ግንባር ይመለስ ተብሎ የተቆረጠው ማንም ሳይታይ ነው። ደኅና እግር ያላቸው አራት ብቻ ቢገኙ አምስተኛው ያለ እግሩ ይሄዳል።

አስተዳዳሪው ላም አለው። አለው ማለት፣ ላሚቱ የተገዛችው ለቁስለኞች ወተት ተብላ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ ይህችኛዋ እዚሁ ከመስኮቱ ሥር ታስራ እንኳ ወተቷን ያየ ቁስለኛ የለም። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ በጀሪካን ወደ ቤቱ ሲያስጭን ከረመ። አሁን ደግሞ ከብዳ መውለጃዋ ደርሷል።

ምጧም ጊዜ መርጦ፣ ቦርዱ ዎርዱ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሥራ ሲጀምር መጣ። ላሚቱ አቃሰተች። ሁለት ዘበኞች የጥጃውን እግር በገመድ አስረው ይጎትቱ ጀመር። ወታደሩ ተራው ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀረው በመስኮቱ አየ።

"ሊገድሏት ነው" አለ።

ነርሷ ክንዱን ያዘችው። ክራንቹን አስታቀፋትና በመስኮቱ ዘለለ።

ኮሎኔሉና አስተዳዳሪው ተነሥተው በዚያው መስኮት ተመለከቱት። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጥጃውን ውስጥ መልሶ፣ አዙሮ አወጣው። ሲመለስ ደሙ እስከ ክርኑ ነበር፤ በሁለት ጤነኛ እግሮቹ እየተራመደ ፈገግ ይላል። የሦስት ሳምንት ልፋቷ አፈር ድሜ በላ። ነርሷ በሕይወቷ ሰውን እንዲህ ንቃ አታውቅም።

"ጤነኛ" አለ ኮሎኔሉ፣ ጻፈም።

"ሴት ናት?" አለ አስተዳዳሪው፤ ስለ ጥጃዋ መጠየቁ ነው።

"ሴት ናት" አለ ወታደሩ።

አስተዳዳሪው ወደ ኮሎኔሉ ጆሮ ጎንበስ አለ። ላሚቱ አላቢ ያስፈልጋታል፣ ዘበኞቹ ደግሞ የማይረቡ ናቸው፣ ወደ ኮሎኔሉም ቤት አንድ አንድ ጀሪካን ማድረስ አያስቸግርም፤ ነርሷ ሁሉንም ሰማች። ኮሎኔሉ አሁን በመስኮት ሲዘል ያየውን እግር በእርጋታ ተመለከተና ከባድ ሥራ እንደማይችል ፈረደ። ስሙን ሰረዘ። ጣቱ በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች ሄዶ አልጋ ስምንት ላይ ቆመ። አልጋ ስምንት ላይ የተኛው ቁስለኛ ሹፌር ነው፤ ጉልበቱ ውስጥ ብረት አለ፣ ከመጣ ጀምሮ በራሱ አልቆመም። ዝርዝሩን በንጹሕ ገልብጣ ለፊርማ እንድታመጣ ለነርሷ ሰጧት።

ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል። ወታደሩን ቧንቧው ጋ እጁን ሲታጠብ አገኘችው።

"ቀርተሃል" አለችው። "የአስተዳዳሪው ላም ጠባቂ ሆነሃል።"

"ቀንበር ባዶውን አይሄድም፣ ሲስተር። እኔን ሲፈቱ ማንን ጠመዱ?"

ይህን ይጠይቃል ብላ አላሰበችም። "ሹፌሩን" አለች።

ደሙ ከለቀቀ በኋላም እጁን ማሸት አልተወም።

"ሽንት ቤት የሚሄደው በእኔ ጀርባ ነው። የእኔን ጻፊ።"

"ሞኝ ነህ። ለላም ብለህ ተያዝክ፣ አሁን ለሹፌር ብለህ ልትሞት ነው። ለእኔ ብለህ የምታደርገው የለም?"

"ለአንቺ ብዬ ሦስት ሳምንት አነከስኩ፤ አላማረብኝም" አላት። ከዚያም ቀና ብሎ አያት። "ሹፌሩን ልኬ፣ የዚያን ሰውዬ ወተት ተሸክሜ ስመላለስ ስታዪኝ፣ ስንት ቀን ትወጂኛለሽ?"

አንድ ሳምንት እንደማይሞላ ሁለቱም ያውቁታል።

መድኃኒት ክፍል ገብታ አራቱን ገለበጠች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ በሹፌሩ ቦታ "አልጋ ሰባት" ብላ የወታደሩን ጻፈች። ኮሎኔሉ የሚፈርመውን አንብቦ አያውቅም፤ ዛሬም ጥጃዋ ጡት ጠብታ እንደሆነ አስተዳዳሪውን እየጠየቀ ፈረመ።

የግንባሩ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል። ነርሷ የወታደሩን ቦት ጫማ ከዕቃ ቤት አወጣች። ጭቃው ደርቆበታል፣ የግራው ማሰሪያ ተበጣጥሷል። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የራሷን ነጭ ጫማ ማሰሪያ ፈትታ፣ በቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ እያሳለፈች በእሱ ቦት ላይ አሰረች። ከዚያ የራሷ ጫማ እንዳይወልቅ እግሯን እየጎተተች ቦቱን ወደ ዎርዱ ወሰደችለት።